መነጽሩ ከብሎክ አራት ተመለሰ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ያርጋል፤

የደባርቅ ብርድ ያላቀዘቀዘው ሰላምታዬ ካለህበት ሐዋሳ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ድል አድርጌያለሁ! በአውቶቡስ የላክኸው የእማዬ መነጽር ተገኘ። ግን ምነው በክርስትና ስሟ ጻፍህበት? ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ሦስት ወለተ ጊዮርጊስ አሉ፤ ዘበኛው ቀድማ ትዝ ላለችው አስረክቦት ኖሯል። አምስት ቀን ሙሉ ደረጃ ለደረጃ ስንከራተት «ዲግሪዬ ለዚህ ነው?» እያልሁ ነበር። በመጨረሻ ብሎክ አራት ሳንኳኳ አንዲት አሮጊት መነጽራችንን አድርገው ዳዊት ይደግማሉ!

«እማማ፣ የእናቴ ነው» አልኋቸው።

«ውይ ልጄ! ላኪውን በየጸሎቴ ሳነሣው ሰነበትሁ እኮ!»

«ጸሎቱ ይቀጥል፤ መነጽሩን ብቻ ይስጡኝ።»

እየሳቁ አወለቁልኝ።

እማዬም ዓይኗ ላይ ስታደርገው «አሁን ገና ዓለም ጠራ!» ብላ እልል አለች። ፎቶህን ሰጠኋት። ገልብጣ ይዛ ሳመችውና «ከስቷል» አለች። እኔም «አዎ፣ ትንሽ ከስቷል» አልኋት።

ባሕር ዳር ያገኘሁትን ሥራ ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ እዚህም አይጠፋም።

ለፋሲካ ስትመጣ ከደጅ ጀምረህ እየተጣራህ ግባ። እስከዚያው በሰላም ያቆይህ።

እህትህ ሕሊና