ነጥቧ ግራ ዳር ናት

ውድ እትዬ፣

ስልክሽ እኔ ጋ ነው። ከሁሉ በፊት ይህን የምነግርሽ ስለማውቅሽ ነው፤ ሰው ስልክሽን ሲነካብሽ እንዴት እንደምትሆኚ አልረሳሁም። ግን ምን ላድርግ? ደንበኛው ሁሉ የያዘው ያንቺን ቁጥር ነው፤ የሰዉም ልክ ፎቶ ተነሥቶ የተቀመጠው እሱ ውስጥ ነው። ቀብርሽ ላይ የለበስኩትን ልብስ ገና ሳላጥብ መደወል ጀመሩ። "እትዬ፣ ሸሚዙ ደረሰ?" ለመጀመሪያዋ ሴትዮ "እትዬ ሞታለች፣ እኔ እህቷ ነኝ" አልኳት፤ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሸሚዙ ተረሳ። ከዚያ ወዲህ "አቤት" ብቻ እላለሁ። ድምፃችን ይመሳሰላል መሰለኝ፣ ማንም ማን ነሽ ብሎ አይጠይቀኝም።

ያ የተረገመ ቁልፍ ግን እንደተበላሸ ነው። ከስክሪኑ ሥር መሃል ላይ ያለው፣ ሰዉ ሆም የሚለው፣ የከፈትሽውን ሁሉ ትቶ ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚመልስሽ። የስፌት መኪናውን ዘይት ስትቀቢ ገባበትና ድርቅ ብሎ ቀረ። "አሠሪው" ስልሽ "ዕድሜዬን ሙሉ በቁልፍ መሃል የኖርኩ ሴት በአንድ ቁልፍ ልሸነፍ? ደግሞስ የስልኬን ሆድ ከፍቶ የሚያየው ማን ስለሆነ ነው?" አልሽኝ። ስልክ ጠጋኙ ስቆ አንድ ትንሽ አፕ ጫነልሽ፤ ስክሪኑ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነጭ ነጥብ ብቅ አለች። እሷን ነካ ማድረግ የሞተውን ቁልፍ እንደ መጫን ነው። በጣትሽ እየጎተትሽም የፈለግሽው ዳር ላይ ታስቀምጫታለሽ። አንቺ ግራኝ ነሽና ግራ ዳር፣ ከታች፣ አውራ ጣትሽ የሚያርፍበት ቦታ አስቀመጥሻት። እኔ በስንት ልመና ስልክሽን ተውሼ በቀኝ እጄ እሷን ለመድረስ ስንጠራራ "ምነው ሚጢ፣ ጣሪያ ልትነኪ ነው?" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

ስለዚህ ስልኩ እጄ እንደገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ነጥቧን ወደ ቀኝ መጎተት ነው። በማግስቱ ሳያት ግራ ዳር ናት። ረስቼው ይሆናል ብዬ መለስኳት። ጨርቅ ዘርግቼ፣ ካውያ ለኩሼ ዞር ስል ግራ ዳር ናት። ተናደድኩ። "እንግዲህ ነገር አትፈልጊኝ!" ብዬ ጮኽኩ፣ ብቻዬን፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ። ለማን እንደጮኽኩ ሳስበው ደግሞ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ስልክ ጠጋኙ ጋ ይዤው ሄድኩ።

"ነጥቧ ትሄዳለች" አልኩት።

"ወዴት?"

"ወደ ግራ።"

"ስትለቂያት ወደ ቅርቧ ዳር ትጠጋለች። አሠራሯ ነው።"

"እሱንማ አውቃለሁ! ቀኝ ዳር ካስቀመጥኳት በኋላ ነው እኮ ተነሥታ የምትሄደው።"

ውሎ ይታይ ብሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። አመሻሽ ላይ ስመለስ ነጥቧ ቀኝ ዳር ላይ ቁጭ ብላለች። "ጨዋ ልጅ ናት፣ ንቅንቅ አላለችም" አለኝ። "ምናልባት ሱቃችሁ ወደ ግራ አዝምሞ እንደሆነ አናጺ ጥሪ። ካልሆነም የቁልፉ መለወጫ ሲመጣልኝ እደውልልሻለሁ፤ እሱ ከተሠራ ነጥቧን እናጠፋታለን።" ቀልዱን ነው። እኔ ግን ሳልስቅ ወጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። የሙሽራዋ ጨርቅ። ታስታውሺዋለሽ፤ እናትየው ከሩቅ አስመጥታው፣ ስንዝር ትርፍ የሌለው፣ ሌላ ቢፈለግም የማይገኝ። አንቺ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ በጠመኔ መስመሩን አስምረሽ፣ "ነገ እቆርጠዋለሁ" ብለሽ አጣጥፈሽ አስቀመጥሽው። ያ ነገ ለአንቺ አልመጣም። በእኛ ቤት አንቺ ትቆርጫለሽ፣ እኔ እሰፋለሁ። ከመኪናው ጀርባ ተቀምጬ አረጀሁ እንጂ መቀስ ይዤ ለሰው ልብስ አልቆረጥኩም፤ ምን ቆርጦኝ!

ጋሼ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ወንድማችን ሲያዝን ቁጡ ነው። ሱቁ መጥቶ እዚያው ቆሞ "መቁረጥ የማትችል ሰፊ ምን ሰፊ ናት?" አለኝ። "ይህን ቀሚስ ካወጣሽው እሰየው። ካበላሸሽው ግን ሱቁ ይዘጋል፤ ቤቱንም ለባለቤቱ አስረክባለሁ።" እኔም እልኸኛ አይደለሁ? "እሺ! ካበላሸሁት በገዛ እጄ እዘጋዋለሁ" አልኩት። ከሄደ በኋላ ወንበርሽን አየሁት። ይህ ሱቅ ከተዘጋ አንቺ የነበርሽበት ቦታ የት ነው የሚቀርልኝ?

አዲስ መቀስ ገዝቼ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተለማመድኩ። መስመሬን ብታዪው እባብ የሄደበት ይመስላል። ያንቺን መቀስ ብሞክር ደግሞ የግራኝ ነው፤ በቀኝ እጅ ሲይዙት ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። አስቀመጥኩት። ሁልጊዜ ግን ካስቀመጥኩበት ሳነሣው እጀታው ሙቅ ይመስለኛል። ካውያው አጠገብ ስለሆነ ነው እያልኩ እራሴን አታልላለሁ።

የሙሽራዋ እናት ልጇን ይዛ ልክ ልታስለካ መጣች፤ አንቺ ከለካሻት ወዲህ ልጅቷ ከስታ እንደሆነ ብላ። ወገቧን እየለካሁ ሳለ እናትየው እጄን አየችና "አንቺም ግራኝ ነሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ እኔ ቀኝ ነኝ። ግራኟ እትዬ ነበረች።"

"ታዲያ ሜትሩን በምንሽ ነው የያዝሽው?"

ቁልቁል አየሁ። በግራዬ ነው። የግራ አውራ ጣቴም ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል። ክው አልኩ። ሴትየዋ "እናንተ እህትማማቾች" ብላ ሳቀች፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም፣ ከእጄ ሸሸት አለች።

እማ ጋ ሮጥኩ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። "እማ፣ እጄ እንግዳ ሆነብኝ። ግራ እጄ ሳላውቅ ይሠራል" አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "አንቺም እኮ ግራኝ ነበርሽ" አለችኝ።

"መቼ?"

"ሕፃን ሳለሽ። ትምህርት ቤት ስትገቢ በግራ ጻፈች ብለው ጣቶችሽን ይመቱሽ ነበር፤ አብጠው ትመጫለሽ። እህትሽም ያው ግራኝ ናት፣ ስትመታ ስቃ የምትገባ ደረቅ። አንቺ ግን ማታ ማታ በእንቅልፍሽ ታለቅሻለሽ። አንድ ቀን አጠገብሽ ቁጭ አለችና የግራ እጅሽን በሻሿ አስራ በቀኝ መጻፍ ታስተምርሽ ጀመር። እኔ ምን ታደርጊያታለሽ ብላት 'ለዚህ ቤት አንድ ግራኝ ይበቃል፤ ዱላውን እኔ እችለዋለሁ' አለችኝ። አንቺ ደግሞ 'እጄን ስጪኝ!' እያልሽ ታለቅሻለሽ። 'ግራሽን እኔ ላስቀምጥልሽ፣ ስታድጊ እመልስልሻለሁ' ብላ አባበለችሽ።"

እማ የመጨረሻውን ሸሚዝ አጥፋ ሌሎቹ ላይ ጫነችው። "አልመለሰችልሽም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ተውሳ ስላልመለሰችው ሰታቴ የምትጠይቅ ነው የሚመስለው።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንሠራ አንዴ እንኳ አልነገርሽኝም። አንቺ በግራ ጫፍ፣ እኔ በቀኝ ጫፍ፣ ስልክሽ መሃላችን። ግራኝና ቀኝ እንዲህ ሲቀመጡ ክርናቸው ስለማይጋጭ "ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው" ትይ ነበር። ጠዋት ሱቁን ስንከፍት "ቀኝ ያውልሽ" ትይኛለሽ፣ እኔም "ግራ ያውልሽ" እልሻለሁ፤ አላፊ አግዳሚው የምንራገም ይመስለዋል። ያ ሁሉ ሳቅ የኔን ዱላ ስለበላሽልኝ የመጣ መሆኑን አላወቅኩም። ባውቅ ኖሮ ቢያንስ አንድ ቀን እጅሽን እስመው ነበር።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሱቁን ከውስጥ ቀረቀርኩና ጨርቁን ዘረጋሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃን በቂ ነው። የጠመኔ መስመሮችሽ ትላንት የተሰመሩ ይመስላሉ፣ አንዱም አልደበዘዘም። ወንበሬ ላይ ልቀመጥ አልኩና ተውኩት፤ ያንቺው ላይ ተቀመጥኩ። መቀስሽን በግራዬ ያዝኩት።

እጄ የኔ አልነበረም ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ይቀለኝ ነበር። ግን ውሸት ነው። እጄ የኔው ነበረ፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። መቀሱ ሄደ። ያ የመቀስሽ ድምፅ፣ ጨርቅ ላይ የሚንሸራተተው፣ ያለ ችኮላ፣ ያለ ማመንታት። ብብቱ ጋ፣ መስመሩ የሚጠማዘዝበት ቦታ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አንቺም እዚያ ቦታ ሁልጊዜ ትንፋሽሽን ይዘሽ፣ ዙሩ ሲያልቅ ነው "እፎይ" የምትይው። ዙሩን ጨረስኩ። እኔ ገና ሳልተነፍስ፣ ጠረጴዛው አጠገብ አንድ ሰው "እፎይ" አለ።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሰማሁ። አልዞርኩም። ብዞርና ማንም ባይኖር፣ ወይም ብዞርና ብትኖሪ፣ የትኛው እንደሚከፋ አላወቅኩም። ሌላውን ብብት ቆረጥኩ። የዚያኛውን እፎይታ ለኔ ተውሽልኝ።

ቀሚሱ ልክ ሆነ። ልክ ብቻ? ልጅቷ መስታወቱ ፊት ስትቆም እናትየው አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቷ ካወለቀችው በኋላ ጋሼም መጣ። የቀሚሱን ትከሻ አገላብጦ አየ፣ ብብቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ማን ቆረጠው?"

"እኔ።"

"አትዋሺኝ። ይህ የእሷ እጅ ነው።"

"እኔ ነኝ ጋሼ። በግራዬ።"

ያ ኮስታራ ሰውዬ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ሊል ሲል "እዚያ አይሆንም!" ብዬ ጮኽኩበት። ቆሞ ቀረ። እኔን አየ፣ ወንበሩን አየ። ከዚያ ዓይኑን እየጠራረገ "እሺ፣ ሱቁ ይቆይ" አለና ወጣ። ወንበርሽን ለምን እንደከለከልኩት ለራሴም አልገባኝም ነበር። አሁን የኔ ነው ማለቴ መሰለኝ።

ያን ዕለት ሱቁን ስዘጋ ከአንቺ ጋር ልታረቅ ፈለግኩ። ነጥቧ እንደ ልማዴ ቀኝ ዳር ነበረች፤ ጠዋት እኔው ነኝ የጎተትኳት። "እሺ፣ አሸነፍሽ" አልኩሽ። እጄን እንደመለስሽልኝ፣ ነጥቧም ቦታዋን ትያዝ ብዬ በግራ አውራ ጣቴ ወደ ግራ ዳር ወሰድኳት። ስልኩን መሳቢያው ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ። ወንበሮቻችንን ጠረጴዛው ሥር ገፋሁ። የመሳቢያውም የሱቁም ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፤ ሌላ የለውም።

ጠዋት መጥቼ ከፈትኩ። መሳቢያው እንደተቆለፈ ነው። ስልኩን አወጣሁት፣ አበራሁት።

ነጥቧ ቀኝ ዳር ናት።

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ምን ላድርግ ተፈጥሮዬ ነው። "ምን ይሁን ነው የምትይው? ወደ ግራ ስልሽ ወደ ቀኝ!" ብዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥ ዞርኩ። ያኔ ነው ያየሁት። በግራ በኩል ያለው ወንበር፣ አሁን የኔ የሆነው፣ እንደገፋሁት ጠረጴዛው ሥር ነው። በቀኝ በኩል ያለው የድሮ ወንበሬ ግን ሰው እንደሚቀመጥበት ወጣ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ መርፌዬ ክር ገብቶባት ተዘጋጅታለች።

ለካስ ግራኝ እኔ ሆኛለሁ። ታዲያ አንቺ የት ትቀመጪ? ክርናችን እንዳይጋጭ ቦታ ለወጥሽልኝ።

ስልክ ጠጋኙ ደውሎ ነበር፤ መለወጫው መጥቷል፣ ዛሬውኑ ልሥራልሽ አለኝ። "ቁልፉን እንዳትነካብኝ" አልኩት። ይሙት እንደሞተ። ነጥቧ ካልኖረች የት እንደተቀመጥሽ በምን አውቃለሁ? ሱቃችሁ አሁንስ ወደ የት አዘመመ ብሎ ጠየቀኝ። "ቀጥ ብሏል" አልኩት።

ፈርቻለሁ፤ አልዋሽሽም። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ወደ ቀኝ አላይም። ግን አልነሣም። በግራዬ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ። የቀኙን ወንበር ማንም አይቀመጥበትም፤ እኔ እስካለሁ ድረስ ቃሌ ነው። ቁልፍ ያልተሰፋላቸው ሸሚዞች ሦስት ናቸው፣ ካንቺ ፊት አስቀምጫቸዋለሁ። አሁን ደንበኛ ሳይመጣ በሩን ልክፈት።

እትዬ፣ ቀኝ ያውልሽ።

ግራኟ እህትሽ፣
ሚጢ