ባለ አንድ ደረጃው ሎንዶን

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ በታላቅ ጸጸት ነው፤ ወንጀል ፈጽሜያለሁና። ዛሬ ከምሳ በኋላ፣ በገዛ ቤታችን፣ በቅቤ መቀቢያ ቢላዋ፣ ከቪዲዮ ካሴትህ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ነቅያለሁ። እሷ ከተነቀለች በላዩ ሌላ ነገር እንደማይቀዳ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ስለዚህ ግብረ አበሬ ነህ።

ከተለየኸን ዓመት ከስምንት ቀን ሆነ። ኮትህን ለብሼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ እጅጌው ጣቶቼን ይውጣል። ቅዳሜ ሙት ዓመትህ ወጣ። ጋሽ ተፈራ፣ መቼስ ወንድምህን ታውቃቸዋለህ፣ በተዋሱት ካሜራ ቄሱን ትተው የድንች ወጡን ሲቀርጹ ዋሉ። ዛሬ ደግሞ ቅጂውን አዲስ አበባ ላሉት እህቶችህ ለመላክ ካሴት ፈልገው ያንተን፣ ከቴሌቪዥን የቀዳኸውን ፊልም አነሱ። «ይሄ የእንግሊዝ ነፍሰ ገዳይ ለማን ይጠቅማል?» አሉ። አየህ፣ አንተን ለማስታወስ አንተን ሊያጠፉ!

ያ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ጭጋጉ፣ ኮፍያቸውን ዝቅ ያደረጉት ሰዎች። ሠሪዎቹ አቅም አጥሯቸው የአከራይዋም፣ የሐኪሙም፣ የፖሊስ ጣቢያውም ደረጃ ያው አንዱ ነበር። «ሶስዬ፣ ሎንዶን ያላት ደረጃ ይኸው ነው» ትለኝ ነበር። ካሴቱ አልቆብህ መጨረሻውን አልቀዳኸውም። በወጣትነትህ ሲኒማ ቤት አይተኸዋልና ገዳዩን በየእሑዱ ትቀያይርብኛለህ፤ አንዴ አከራይዋ፣ አንዴ ሐኪሙ፣ አንዴ ድመቷ።

በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ከኮልፋክስ ጎዳና ስመለስ፣ በረዶ ሲጥል፣ የሱቆቹ መብራት ቀለሙ ይጠፋል። አንተ ኮሌታህን አቁመህ ፌርማታው ላይ ቆመሃል። አውቶቡሱ ያልፍሃል። የሚቀጥለውም ፌርማታ ላይ አንተው ነህ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም ላይ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ሌላ ተዋናይ መቅጠር እንዳቃታቸው ሁሉ። እንዳትጠፋብኝ ዓይኔን አልጨፍንም።

ጋሽ ተፈራ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር የቪዲዮ ዴኩ ካሴቱን ተፋባቸው። በጥፊ መቱት። «ይሄ ዴክ ታሟል» ብለው ፈረዱና ሌላ ካሴት ሊገዙ ወጡ። እማዬ ግን ጎንበስ አለች፤ ከምንጣፉ ላይ የሆነ ነገር አነሳች። እኔም ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

አባዬ፣ ሦስቱንም ገዳዮች አልረሳም። ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ፤ በተለይ ድመቷን…

ቆይ፣ ሳሎን ውስጥ የጭጋጉ ፊልም ሙዚቃ ጀመረ። እማዬ ትጣራለች፦

«ሶስና! ይቺን ፕላስቲክ የነቀልሻት አንቺ ነሽ፣ አይደል? ነይ ውጪ! ገዳዩን እኔ ልንገርሽ፤ ከአባትሽ ጋር አብረን ነው ያየነው።»