ማኅተም የሌለው ባክቴሪያ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለቢሮዎ ሠራተኞች በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕረፍትዎም ማንም የማያቋርጠው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን የሰውን ብሶት በጨዋ ቋንቋ ሳስተካክል ስለኖርኩ፣ የራሴን ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ ቢከብደኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ደንበኞቼን ሁልጊዜ «ንዴታችሁን ለእኔ ተዉልኝ፣ ለሹሙ ምስጋና እንጻፍ» እላቸዋለሁ። ራሴም በዚሁ ምክር ልመራ ወስኜ፣ ታናሽ ወንድሜ በሆስፒታልዎ ተኝቶ በነበረ ጊዜ ስለተደረገልን ነገር ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ወንድሜ በያጅ ነው። የመጋዘን ጣሪያ ሲሠራ መሰላሉ ከሥሩ ተንሸራቶ ወደቀና የቀኝ እግሩ አጥንት ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። የአጥንት ሐኪሙ በዚያው ቀን ቀዶ፣ ብረት አስገብቶ፣ አስተካክሎ ሰፋው። ይህ ምስጋና አሽሙር የለበትም፤ ሐኪሙ የሚችለውን አድርጓል። ከሰነበተ በኋላ ግን ስፌቱ ቀላ፣ አበጠ፣ መግል ይዞ ተከፈተ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት። እሱ አልሠራ ሲል ጠንከር ያለ አዘዘ፤ ያም አልሠራ ሲል ከዚያ የጠነከረ። በየጠዋቱ ጉብኝት ቁስሉን ገልጠው አይተው «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» እያሉ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፉ ነበር።

ወንድሜ ቀልድ ይወዳል። እግሩ ውስጥ የገባውን ተህዋስ «ደባሌ» ይለው ጀመር። ስጠይቀው «ደባሌ ደህና አድሯል፣ እኔ ነኝ ያልተኛሁት» ይለኛል። አንድ ቀን ግን ሐኪሙን እጁን ይዞ «ዶክተር፣ ስሙን ብቻ ንገረኝ። ከማን ጋር እንደምጣላ ልወቅ» አለው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ እኛም እየገመትን ነው የምንሰጠው። ተህዋሱን አብቅሎ የሚለይ የካልቸር ምርመራ የለንም» አለኝ። ስለዚህ በሽተኛ ከእነ ሙሉ አልጋው፣ ከእነ ግሉኮሱ በግምት የሚታከምበት ተቋም ስለመሠረቱልን በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

2ኛ. የካልቸር ክፍል የለንም ማለት ደግሞ እርስዎን መበደል ነው። ክፍሉስ አለ። ሪባኑን ሲቆርጡ የተነሱት ፎቶግራፍ በመግቢያው ኮሪደር ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ወጥተዋል። የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው የባክቴሪያ ባለሙያ ለምን እንደማትመረምርልን ልጠይቃት ስሄድ በሩን ከፍታ አሳየችኝ። ባክቴሪያ የሚበቅልበት ማሞቂያ ሳጥን የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልወለቀለትም። ጠረጴዛው ላይ የአዳራሽ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። የናሙና ማቀዝቀዣው በስብሰባ ቀን ለእንግዶች በሚቀርብ የታሸገ ውኃ ሞልቷል፤ ውኃው በጣም ቀዝቃዛ መሆኑን መመስከር እችላለሁ፣ አንድ አንስታ ሰጥታኛለችና።

የጎደላት ነገር ትልቅ አልነበረም። ተህዋሱ የሚበቅልበት ምግብ፣ እና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚለዩ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ናቸው። በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ይህንኑ ደጋግማ ስትጠይቅ እርስዎ «በዚህ ሆስፒታል የምንቀልበው በሽተኛ ነው፤ ባክቴሪያ አንቀልብም» ብለው አዳራሹን በሣቅ እንዳፈረሱት ነገረችኝ። ቀልድዎን ለወንድሜ ወስጄ ነገርኩት። እሱ እንኳ ለወትሮው በትንሽ ነገር የሚሥቀው ሰው ጣሪያውን አየና «ታዲያ ይኼን ማን እየቀለበው ነው?» አለኝ።

3ኛ. ባለሙያዋ አንድ ነገር አስረዳችኝ። በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ዝም ብሎ አይባክንም። «ደካሞቹን እየገደልን ለጠንካሮቹ ቦታ እያስለቀቅንላቸው ነው» አለችኝ። ናሙናውን በጎረቤት ከተማ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ለመላክ ፈቃድዎን ጠየቀች። መልስ ስታጣ በዕረፍት ቀኗ ከወንድሜ ቁስል መግል በጥጥ ወስዳ፣ በብልቃጥ አሽጋ፣ በአውቶቡስ ይዛው ሄደች። እዚያ አብራት የተማረች ጓደኛዋ አበቀለችውና ውጤቱን በስልክ ነገረቻት። ወንድሜ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ተህዋሱ ለምዷቸዋል፤ እንደ ውኃ ናቸው። የሚገድለው ግን ሰው የረሳው አንድ ቆየት ያለ መድኃኒት አለ። እሱም በሆስፒታልዎ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ባለሙያዋ እየሮጠች ለሐኪሙ ነገረችው፤ ሐኪሙም ደስ ብሎት ወደ ጠዋቱ ስብሰባ ይዞት ገባ። እርስዎም ዘወትር ከሚታወቁበት ሥርዓት አክባሪነት ሳይወጡ «እዚህ በስልክ ሕክምና አንሰጥም። ማኅተም ያለው ውጤት ይምጣ» ብለው ወሰኑ። ሐኪሙ ከስብሰባው ወጥቶ ወደ አልጋው ሲመጣ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

«መድኃኒቱ እዚህ ግቢ ውስጥ አለ?» አልኩት።

«አለ።»

«ወንድሜን ያድነዋል?»

«ይመስለኛል።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

«ታዝዤ ነው፣ እህቴ» አለኝ።

ውጤቱ በማኅተም እንዲመጣ ዩኒቨርሲቲውን በደብዳቤ መጠየቅ ነበረበት፤ ደብዳቤው ደግሞ ያለ እርስዎ ፊርማ አይወጣም፤ እርስዎም በማግስቱ የአገልግሎት ጥራትን ስለማሻሻል ወደሚሰጥ ሥልጠና ሄዱ። ጸሐፊዎ በትሕትና አስተናግዳኛለች። በየቀኑ ስመላለስ በየቀኑ ወንበር ሰጥታኛለች። ቀድሞ የሚቀልደው ወንድሜ ትኩሳቱ ሰውነቱን ሲያንቀጠቅጠው፣ አፉ ሲደርቅ፣ እኔን በእናታችን ስም ሲጠራኝ፣ እኔ በዚያ ምቹ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

4ኛ. ስለ ጎረቤታችን ደግሞ ልጻፍ። ከወንድሜ ቀጥሎ ባለው አልጋ ለሆድ ቀዶ ሕክምና የገቡ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ቀዶ ሕክምናቸው በደህና አልፎ፣ ሊወጡም ተቃርበው ነበር። የቁስል ማጽጃው ጋሪ ከወንድሜ አልጋ ተነሥቶ ወደ እሳቸው ይሄዳል፤ ያው ጋሪ፣ ያው ጓንት። ባለሙያዋ ይኼ እንዲቀር፣ ወንድሜም ለብቻው እንዲተኛ አሳስባ ነበር። «ባዶ ክፍል የለም» ተባለች፤ ወንበሮቹ የት ይሂዱ። ከዚያ የጋሼም ስፌት ተከፈተ። ጠረኑን አወቅነው። እሳቸው ግን ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ ወንድምሽ ደባሉን ወደ እኔ ላከብኝ መሰለኝ» ብለው ሊያሥቁኝ ሞከሩ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያች ቀን በኋላ ስለ ደባሉ ቀልዶ አያውቅም።

ጋሼ ብዙ አልቆዩም። የሞቱበት ምክንያት እርጅና ተብሎ ለልጃቸው ተነገራት። ቁስላቸው ስላልተመረመረ የገደላቸው ያው ተህዋስ ይሁን ሌላ ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ማንም ሊያውቅ በማይችልበት መንገድ ስላደራጁት ግን፣ እንደ ፍርድ ቤት ሰው፣ ጥንቃቄዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

5ኛ. የወንድሜ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ሐኪሙ «አጥንቱ አልቋል፤ ካልቆረጥን እሱን እናጣዋለን» ሲለኝ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እርስዎ በመጨረሻ የፈረሙበት ደብዳቤ ሄዶ፣ ማኅተም ያለው ውጤት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደረሰ። በስልክ ከተነገረው አንድ ፊደል አልተለወጠም። ያ መደርደሪያ ላይ የነበረ መድኃኒት ተሰጠው፤ ትኩሳቱ ወዲያው በረደ፤ ወንድሜ ተነሥቶ ሾርባ ጠየቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ማንኪያውን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ብርድ ልብሱ የወደቀበትን ባዶ ቦታ እያየሁ ሾርባውን ማጉረስ ረሳሁ። እሱ ነው ማንኪያውን ተቀብሎኝ ራሱ የበላው።

ከሥልጠናው ተመልሰው ከካሜራ ጋር ዎርዱን በጎበኙ ቀን ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ዋናው ነገር ነፍስህ መትረፏ ነው» ብለውታል። እሱም «ልክ ነው ጌታዬ፤ እግሬም ግን አብሯት ነበር የመጣው» ብሎ መለሰልዎ። ይህ ክፍል በተሰራጨው ዜና ላይ አልታየም፤ ካሜራው ደክሞት ይሆናል።

6ኛ. የባክቴሪያ ባለሙያዋ «የሆስፒታሉን ንብረት ያለ ፈቃድ ከግቢ በማውጣት» ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ወደ ካርድ ክፍል ተዛውራለች። ንብረት የተባለው የወንድሜ መግል ነው። በሙያዬ ብዙ የንብረት ክርክር ጽፌአለሁ፤ የመግል ባለቤትነት ሲያከራክር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ዕውቀቴን ስላሰፉልኝ አመሰግናለሁ። መግሉ የሆስፒታሉ ከሆነ ተህዋሱም የሆስፒታሉ ነው ማለት ነው፤ ይህን በራስዎ ፊርማ ስላረጋገጡልን ጉዳያችንን የያዘልን ጠበቃ እጅግ ተደስቷል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ያለ ቁጥር ልጻፈው። ወንድሜ አሁን እኔ ዘንድ ነው። በግቢው ውስጥ ተቀምጦ የመስኮት ፍሬም ይበይዳል። ጣሪያ የሚወጣበት ሥራ ሲመጣ ለጓደኞቹ ይሰጣል። ሲሰጥ ይሥቃል፤ እነሱ መሰላላቸውን ተሸክመው ከበሩ ሲወጡ ግን እስኪርቁ ድረስ የብየዳ መነጽሩን አያወልቅም። እኔም አላየሁ እመስላለሁ። በዚያ ዎርድ ውስጥ ዛሬም ሰዎች ተኝተዋል፤ ጋሪው ዛሬም ከአልጋ ወደ አልጋ ይሄዳል። የምለምንዎ ወንበሮቹን ወደ አዳራሻቸው እንዲመልሱ፣ ባለሙያዋን ወደ ሙያዋ እንዲመልሱ፣ ለተህዋሱም የሚበላውን ጥቂት ምግብ እንዲገዙለት ነው። እርስዎ ባይቀልቡት እኛን እየበላ መኖሩን አይተናል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ በድጋሚ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለታላቁ ሥርዓት አክባሪነትዎ ያለኝን ማለቂያ የሌለው አድናቆት በትሕትና እገልጻለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ፣
የበያጁ ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለካርድ ክፍል፤ የባክቴሪያ ባለሙያዋ እንድታነበው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ወደ ትልቁ ከተማ ሄደው እንደነበር፣ ቁስልዎም ትንሽ ሲያመረቅዝ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ወዲያው ካልቸር ሠርተው፣ የተህዋሱን ስም ለይተው፣ ትክክለኛውን መድኃኒት ሰጥተው እንዳዳኑዎ ሰምተን ደስ ብሎናል። ውጤቱን ለሐኪምዎ ከላቦራቶሪው የነገሩት በስልክ መሆኑን ግን ሹፌርዎ ነው የነገረን፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ማኅተሙ ሳይመጣ ወስደውት ከሆነ፣ በራስዎ ላይ የሚጽፉትን ማስጠንቀቂያ በነጻ ላረቅልዎ ዝግጁ ነኝ።