ቅዳሜ ያለቀ ጥገና

ቅዳሜ

አስራ ስድስቱም ይሰራሉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቄ ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲህ ስነካካው ዋልኩ። አሁን አስራ አንድ ሰዓት ሆኗል።

እቃው የቃልኪዳን ነው። ሐሙስ ዕለት ከዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ይዛው የመጣች፣ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። የሙዚቃ ምት መስሪያ ነው፤ እሷ "ፓድ" ትለዋለች። የተማሪ ደብተር ያህላል። ላዩ ላይ አራት በአራት የተደረደሩ አስራ ስድስት የጎማ ቁልፎች አሉት፣ ከላይ ደግሞ ትንሽ ስክሪን። ማኪያቶ ተደፍቶበት ግማሾቹ ቁልፎች ደንዝዘው ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ከፍቼ አላውቅም። ጉዱ ስኳር ነው። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት፣ በቃ። አዲስ እቃ እንኳን አልፈለገም።

መስራቱን ለማየት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። አንደኛው ከበሮ። ሁለተኛው ጭብጨባ። ሦስተኛው የተመታ ቆርቆሮ ይመስላል። አምስተኛው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሰማው ያለ ነገር። እያንዳንዱን አንዴ መንካት ይበቃ ነበር። ለማረጋገጥ ብዬ ደገምኩት። ከዚያ አንደኛውንና ሁለተኛውን አከታተልኩ። ዱም ጭ። ዱም ጭ። የራሴ ጣት እንዲህ ያለ ነገር ያወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለምሳ ብዬ ሱቁን ዘጋሁና ውስጥ ቀረሁ፤ ምሳም አልበላሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለች። "ጋሼ፣ ደረሰልኝ?" አለችኝ። "ሰኞ ደውይልኝ፣ አንዲት እቃ ጎድላለች" አልኳት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። እዚህ አስራ ስምንት ማዞሪያ ላይ "ነገ" የማይል ጠጋኝ የለም። እኔም ስል ኖሬያለሁ፤ ደንበኛውም ስለሚያውቅ ሁለት ቀን ደምሮ ነው የሚመጣው። ግን "ነገ" የምለው ላላለቀ ስራ ነበር። ላለቀ ስራ ስል ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

እስከ ሰኞ ብቻ።

እሁድ

ትናንት በፎጣ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። ዘነቡ አይታ "ምንድነው?" አለች። "ስራ ነው" አልኩ። ባለቤቴ ስራ ቤት ይዤ መጥቼ እንደማላውቅ ታውቃለች።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ እንደ ልማዴ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። አስር ዓመት ሲሆነኝ የመዘምራኑ መሪ "ብርሃኑ፣ አንተ አታጨብጭብ፣ ታሳስታቸዋለህ" ብሎኝ ነበር። አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አጨብጭቤ አላውቅም። ሠርግ ላይ ዘነቡ እጄን ትይዘዋለች። ሰው ፍቅር ይመስለዋል።

ከምሳ በኋላ ጓዳ ገባሁ። እስካሁን የተማርኩት፦

ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ የመታሁትን ይይዘዋል፤ ሲያልቅ ራሱ ከመጀመሪያ ይደግመዋል።

በኃይል መምታት አያስፈልግም። ትናንት እንደ በር አንኳኳሁት፤ ጣቴ ዛሬም ያመኛል።

ጣቴ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም ወደ ቦታው የሚጎትት ማስተካከያ አለው። ይሄን ሳገኝ ተነስቼ ቆምኩ። እኔ ያሳሳትኩትን አስተካክሎ የሚመልስ ነገር በዚህ ዓለም ላይ ኖሯል።

ድምፁን ሳይቀንሱ ማዳመጫ አይደረግም፤ ማዳመጫው ሲነቀል ድምፁ ከእቃው ከራሱ ይወጣል።

ሌላም መንገድ አለው። በጣት ከመምታት ይልቅ አስራ ስድስቱ ቁልፎች ተራ በተራ እየበሩ ይሄዳሉ፤ ድምፁን በፈለግኩት መብራት ላይ አስቀምጣለሁ፣ መብራቱ ሲደርስ ይጮኻል። ይሄ ለእኔ ነው የተሰራው። ቆጠራ ብቻ ነው፣ ቆጠራ ደግሞ አያቅተኝም።

ችክችካ ልሰራ ሞከርኩ። ሌላ ምን ልሞክር? ከልጅነቴ ጀምሮ ሁሉም ሲጨፍርበት ቆሜ ያየሁት እሱን ነው። አልሆነም። መጀመሪያው ደህና ይሄድና መጨረሻው ላይ ያነክሳል። መብራቱን ባዛውርም ያነክሳል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አነከሰ።

ዘነቡ መጣች። "ይሄ ሳይሰራ ነው እንዲህ የሚጮኸው?" አለች። "እየፈተሽኩት ነው" አልኩ። "ችክችካ ከሆነ እንዲህ አይደለም" ብላ ቆማ አጨበጨበችልኝ። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ፎጣ አለ። "አታቁሚ" አልኳትና በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፦ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። "ምን ትጽፋለህ፣ ሰማኸኝ አይደል" አለች። መስማት ለእሷ ይበቃል። እኔ ካልጻፍኩት አይገባኝም።

ሰኞ

አገኘሁት።

የዘነቡን ጭብጨባ በሰዓት ለካሁት። ረጅሙ የአጭሩ እጥፍ ነው። ሁለትና አንድ፣ ሦስት። ሁሌም በሦስት በሦስት ነው የሚሄደው። መብራቶቹ ግን አስራ ስድስት ናቸው። ሦስት አምስት ጊዜ አስራ አምስት፤ አንድ ትተርፋለች። በየዙሩ መጨረሻ አንዲት ትርፍ መብራት ስለምትገባ ነው የሚያነክሰው። ጥፋቱ የእኔ ጆሮ አይደለም። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ጆሮ ነው ሲባል ኖሮ ዛሬ ለአንዴ እንኳን የእኔ ጆሮ አይደለም።

ርዝመት መቀነሻ መኖር አለበት ብዬ ስክሪኑን ስጎረጉር አገኘሁት። አስራ ስድስት የሚለውን አስራ ሁለት አደረግኩት። አራት መብራቶች ጠፉ። ከዚያ ቆርቆሮውን አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ ሁለት ላይ፤ ከበሮውን አንድና ሰባት ላይ አስቀመጥኩ። ለቀቅኩት።

ሄደ። ምንም ሳያነክስ ሄደ። ትከሻዬ ፈቃዴን ሳይጠይቅ ተነሳ። የሱቄ በር ክፍት ነበር፤ ቻርጀር ሊገዛ የመጣ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። "የጀርባ ሕመም አለብኝ" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንጃ።

ከሰዓት ቃልኪዳን ደወለች። የቀለበት መንገዱን ጫጫታ ሰበብ አድርጌ ትንሽ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ከዚያ እቃው ከመርካቶ ዓርብ ይመጣል አልኳት። "እሺ ጋሼ፣ አይጨነቁ" አለችኝ። ዓርብ የሚመጣ እቃ የለም። አራት ቀን ብቻ ፈልጌ ነው። ሌላ ሰው ይሄን ቢያደርግ ምን እንደምለው አውቃለሁ።

አስራ አንድ ምት ሰርቼ አስቀምጫለሁ። የእሷን አንዱንም አልነካሁም።

ማክሰኞ

ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ራሷ መጣች። ፓዱ ጠረጴዛዬ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። የማዳመጫው ገመድ ከጨርቁ ስር ወጥቷል፤ ክርኔን አሳረፍኩበት።

ነገ ከሰዓት ሳንሱሲ ሰፈር ፈተና አላት። አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ሰው ይፈልጋል፤ የራሷን ፓድ ይዛ ፊታቸው እንድትሰራ ነው የጠሯት። አራት ወር ነው የጠበቀቻቸው። ጥሪው የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። "ከዓርብ በፊት የሚገኝበት መንገድ ካለ ብዬ ነው እንጂ ላስቸግርዎት አይደለም" አለችኝ።

የለም አልኳት።

ቆማ እኔ ፊት ደወለችላቸው። "ፓዴ ጥገና ላይ ነው፣ ነገ አልደርስም" አለች። ወዲያ ያለው ሰው አንድ ነገር ተናገረ። "ገባኝ፣ ሌላ ሰው ካያችሁ ይገባኛል" አለች። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ "ምን ይደረጋል፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እቃው ካልመጣ" ብላ እኔን አጽናናችኝ። እኔን።

ጨርቁን ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። "ይኸውልሽ፣ አልቋል" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ውሸታም ትለኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ከዋሸኋት ደግሞ ሦስት ቀን አልፏል። በር ላይ ደርሳ ዞር ብላ "እግዜር ይስጥልኝ" ስትለኝ እንኳን ጨርቁን አላነሳሁም። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

ማታ ለዘነቡ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። "ልጅቷ ስልክ የላትም?" ብቻ አለችኝ። ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። አስር ጊዜ ደወልኩ።

ረቡዕ

ሱቅ አልከፈትኩም። ፓዱን ይዤ በጠዋት የዓለም ባንክ ታክሲ ያዝኩ። ቤቷን አላውቅም፤ የደረሰኙ ጉርድ ላይ ያለው "ቃልኪዳን፣ ዓለም ባንክ" ብቻ ነው። ስልኳ የተከፈተው ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከታክሲ ወርጄ ፌርማታው ላይ ስንቀዋለል ነው። ሰፈራቸው መብራት ጠፍቶ አድሯል።

"ደርሷል" አልኳት። "እቃው መጣ እንዴ?" አለች። "አዎ" አልኩ።

ይሄንንም እዚህ እጽፋለሁ፣ አዎ አልኩ።

ሮጣ መጣች። ፓዱን ከፍታ ሁሉንም ቁልፍ ነካች፣ ትከሻዬን ሳመችኝ፣ "አባቴ ነዎት" አለችኝ። ስቱዲዮ ደወለች። ሌላ ሰው ገና አልጠሩም፤ በቀጠሮሽ ነይ አሏት። መንገድ ላይ እንደገና እምቢ ቢል ብላ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ሁለት ታክሲ ነው። በመጀመሪያው ሙሉ ስታመሰግነኝ፣ ስትመርቀኝ፣ መርካቶ ድረስ ለእሷ ብዬ የሄድኩ መስሏት ስለ መርካቶ ስትጠይቀኝ ሄድን። የሰው ምርቃት እንደዚህ ሲከብደኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በሁለተኛው ታክሲ ነገርኳት። "ቃልኪዳን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው ያለቀው። እቃም አልጎደለም።"

"ታዲያ?" አለች።

"ልጫወትበት ነው።"

ፊት ለፊታችን ያሉት ሴትዮ ዞረው አዩኝ። ሃምሳ አንድ ዓመት የሆነው ሰው ልጫወትበት ነው ሲል ማን አይዞርም። ቃልኪዳን ፓዱን ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ረዳቱ "ሳንሱሲ፣ ሳንሱሲ ወራጅ" እስኪል ከመስኮቱ አልዞረችም። ስትወርድም አላየችኝም።

ይጠብቁኝ አላለችም። እኔ ግን ከስቱዲዮው በር ማዶ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ተኩል። ስትወጣ አየችኝ። በግራ በኩል የቆመ ታክሲ ነበር፣ ገባች።

ምን እንዳሏት አላውቅም። ከፊቷም አልተነበበም።

ሐሙስ

አራት ሰዓት ላይ መጣች። ትጣላኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ፓዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቆመች።

"እንዴት ሆነልሽ?" አልኳት።

ፓዱ ሲከፈት መጨረሻ የተሰራበትን ምት ነው የሚያመጣው። ይሄን አላውቅም ነበር። "የኔ መስሎኝ ፊታቸው ተጫንኩት" አለችኝ። "የማላውቀው ነገር ወጣ። አቁሜ የኔን እስካገኝ ሁሉም ያዩኛል። ከዚያ በኋላ የሰራሁት እንደምችለው አልነበረም። እንደውላለን አሉኝ።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። እውነቴን ነው የጠየቅኳት፣ ተነስቼ ቆሜ። "አሁን አልችልም ጋሼ" አለች። "ደውለው እስኪነግሩኝ አልችልም።" ልክ ናት።

"ግን ያጥፏቸው" አለችኝ። "የርስዎን። እርስዎ ራስዎ ያጥፏቸው።"

አስራ አንድ ነበሩ። እያንዳንዱን ስመርጥ ስክሪኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ አልከበዱኝም፣ ዱም ጭ ናቸው። አስረኛውን አጠፋሁ። የቀረው የአስራ ሁለት መብራቱ ችክችካ ነው። ቀና ብዬ አየኋት። ይተዉት ትለኛለች ብዬ ጠብቄ እንደነበር አልደብቅም። አላለችም። አጠፋሁት።

ፓዱን ወደ እሷ ገፋሁት። አላነሳችውም።

"የመጨረሻውን ትናንት ቤት ሄጄ ደጋግሜ ሰማሁት" አለች። "እኔ ችክችካ በጣቴ እመታለሁ እንጂ በመብራት አስቀምጬ ሆኖልኝ አያውቅም። ሁሌ ያነክስብኛል። እንዴት አደረጉት?"

ልነግራት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ። "አይንገሩኝ፣ ይስሩትና ልይ።" የደንበኛውን ዱካ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

ርዝመቱን መቀነስ ረስቼ በአስራ ስድስት ጀመርኩ፤ እንደ እሁዱ አነከሰ። አቆምኩ፣ አራቱን አጠፋሁ። ዘጠኝ ላይ የሚገባውን ስምንት ላይ አስቀመጥኩ። አስተካከልኩ። ከበሮውን ስጨምር አንዱ ሳይገባ ቀረ። ለቀቅኩት፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተደናቀፈ። ክንዷን አጣጥፋ መብራቶቹን ታያለች፣ ፊቷ አልተፈታም።

ይበቃል ትላለች ብዬ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ።

"እንደገና" አለችኝ።