በጥርስ የተበጠሰው የሸሚዝ ቁልፍ፦ የሲስተር የሕይወት ታሪክ

ይህን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍ መጀመሪያ የተጠየቀው የጤና ጣቢያው ዶክተር ነው። እሱ የቤታቸውን ነገር ስለማያውቅ፣ የጎደለውን እንድትሞላለት ደግሞ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ተጠየቀች። የሟቿ ታላቅ እህት፣ የእናት የአባታቸው ልጅ፣ ሦስተኛ እንኳ ሆና አልተጠየቀችም። “እትዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ ደግሞም ኀዘን ላይ ናቸው፤ አናስቸግራቸው” ተባለ። ሲስተር ሲወለዱ እዚያ ቤት ውስጥ ከነበረው ሰው ዛሬ በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ዶክተሩ ያኔ በአባቱ ሐሳብ ውስጥ እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ ታላቋ ማተሚያ ቤት ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ የዶክተሩን ረቂቅ አስጥላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ለተቀመጠችው ልጅ በቃሏ እየነገረች አስጻፈች። ረቂቁ ላይ “ባለራዕይ” የሚል ቃል ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ወርሮት ነበር። ሲስተር እኮ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ቤቱን ሁሉ ሲያምሱ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ቆሞ የሚያነብላችሁም ራሱ ዶክተሩ ነው፤ እዚህ ጋ ጉሮሮውን ቢጠርግ አይግረማችሁ።

ታናሽን አንቱ ማለት ምላስ ያደናቅፋል። ሞት አስከብሯቸዋልና ግን በአንቱታ ይነበባል። ታላቋ ለራሷ አንቱታ አልጨመረችም፤ ያን የሚጨምረው ሌላ ሰው ነው፤ እሱም እስካሁን አልመጣም።

ሲስተር ከአባታቸው ከአናጢው፣ ከእናታቸው ከልብስ አጣቢዋ፣ ከዱቄት ወፍጮው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ዓመቱ ሽፋኑ ላይ ከፎቷቸው ሥር ታትሟል። ታላቋ የምታውቀው ወፍጮው መብራት የገባለት ዓመት መሆኑን ነው። ሲወለዱ ትንሽ፣ ቀይ፣ ጩኸታም ነበሩ። እናታቸው ግን ጩኸቱን የሚሰሙ አይመስሉም ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ተኙ። አጥቢ ሲሏቸው ያጠባሉ፤ ካላሏቸው ዝም ነው። ልብስ ሲያሹ የሚያንጎራጉሩት ነገር ነበር፤ እሱም ጠፋ። ጎረቤት “ሰነፈች” አለ። አባትየው “ይለፍላታል” አሉ። ሕፃኗን ያቀፈች፣ ያጠበች፣ እሹሩሩ ያለች፣ የወተት ጥርሷ ረግፎ ገና ሌላ ያልበቀለላት ታላቅ እህቷ ናት። ወገቧ ዛሬም ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለው ሲስተርን አዝላ ነው። ረቂቁ ውስጥ ይህ አልነበረም።

ለትምህርት ሲደርሱ አባታቸው “አንድ ልጅ ነው ማስተማር የምችለው” አሉ። ታላቋ የእናቷን የእጥበት ሥራ ይዛ ስለነበር ታናሿ ተላኩ። ከክፍላቸው አንደኛ የወጡ ቀን አባትየው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲናገሩ ዋሉ። በዚያው ቀን ታላቋ የሆቴሉን አንሶላ በሙሉ አጥባ አሰጣለች፤ ያየላት የለም፤ ንፋሱ ብቻ። ይህ ቅናት ነው የሚል ካለ፣ አዎ፣ ቅናት ነው። ሰው የሚቀናው በራሱ ሰው ነው። ባዕድ አንደኛ ቢወጣ ማን እንቅልፍ ያጣል?

ሲስተር በአዋላጅ ነርስነት ተመርቀው ጤና ጣቢያው ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነሱም። ነጩን ጋውን ከለበሱ ጀምሮ አገር ሁሉ “ሲስተር” አላቸው። ሲስተር ማለት እህት ማለት ነው አሉ። እንግዲህ የማያውቃቸው ሁሉ እህቴ ሲላቸው የእናታቸው ልጅ ምን ትበላቸው? እሷም “ሲስተር” አለች፤ ወረፋ እንደያዘ ሕመምተኛ።

ጊዜው ሲደርስ የከባድ መኪና ሾፌር አገቡ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል እንጂ። ሲመጣ ከደረጃው ሥር ጀምሮ እያፏጨ ነው የሚወጣው። ከእሱ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ከእናቷ ዓይን፣ ከአባቷ ፉጨት ወረሰች፤ ካደገች በኋላም እንደ አባቷ መሪ ጨብጣ የአውቶቡስ ሾፌር ሆነች።

ሲስተር ያቺን ልጅ ሲወልዱ ታላቋ ሥራዋን ለባልደረባ ትታ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መጣች። አበሰለች፣ አጠበች፣ ሕፃኗን አቀፈች፤ የእህቷን እጅ ውሃ አላስነካችም። “ምን ሆነሻል?” ስትላቸው “ደህና ነኝ እትዬ” ይላሉ። ፊታቸው ግን ሰው የለቀቀው ቤት ይመስል ነበር። ታላቋ ነገሩን እንቅልፍ ማጣት ነው አለችው። የእንቅልፍ ማጣት መድኃኒቱ ደግሞ ሥራ መቀነስ ነው።

በዚያን ጊዜ የሲስተር የሸሚዝ ቁልፍ ይበጠስ ጀመር። አንዱን አሰፍተው ሲመጡ ሌላው ይበጠሳል። በየጊዜው “ልብስ ሰፊዋ ጋ ደርሼ መጣሁ” ብለው በሩን ዘግተው ይወጣሉ፤ የልብስ ሰፊዋ መኪና ከወለሉ በታች ሲንኳኳ ይቆያል። ታላቋ አንጀቷ አልችል አለ። አራስ ሰው ለቁልፍ ብሎ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል? መርፌና ጠንካራ ክር አወጣች፤ እቤት ያለውን ሸሚዝ ሁሉ ዘርግታ፣ ቁልፉን አንድ ባንድ በድርብ ክር አጥብቃ ሰፋች። በሬ ቢጎትተው አይበጠስም ነበር። እጥፍ አድርጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ ምስጋና ጠብቃ ነበር። ሲስተር ቁም ሳጥኑን ከፍተው አዩና አለቀሱ። ታላቋ የደስታ ለቅሶ መሰላት።

በነጋታው አንድ ሸሚዝ ቁልፉ ተበጥሶ ተገኘ። ጨርቁ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረበት። ታላቋ በአይጥ አመካኝታ ወጥመድ ገዛች።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊዋ መጥታ “ሲስተር ጨርቅ ታስመርጠኝ፤ ሕፃኗን ያዢልን” ብላ ወሰደቻቸው። ግማሽ ቀን ቆይተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። “ጨርቁስ?” ሲባሉ “አልወደድነውም” አሉ። ከዚያ በኋላ ሲስተር ቀስ በቀስ ቀለማቸው ተመለሰ። ታላቋ ይህ የእሷ ሾርባ ነው ብላ ለብዙ ዓመት ስታወራው ኖረች።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር የጤና ጣቢያውን የክትባት ቀን የእናቶችም ቀን አደረጉት። እናቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ወረፋ ሲጠብቁ፣ ሲስተር ወንበር ስበው መሃላቸው ይቀመጣሉ። “ልጁን እኛ እንመዝነዋለን። አንቺን የምትመዝኚው አንቺ ነሽ” ይላሉ። ትምህርታቸው ባጭሩ ይህ ነበር። እያንዳንዷ ሴት ከመውለዷ በፊት ደስ እያላት የምታደርገውን አንድ ነገር ትምረጥ፤ ዘፈን ይሁን፣ ጸጉር መሥራት ይሁን፣ ከጎረቤት መሳቅ ይሁን። በየቀኑ ፊቷን ስትታጠብ “እሱ ነገር ዛሬ ቤት ነው ወይስ ወጥቷል?” ብላ ራሷን ትጠይቅ። በወለደች ሰሞን ቢወጣ ቢገባ ብዙዎች ላይ የሚደርስ ነው፤ ሁለት ሳምንት አልፎም ካልተመለሰ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ትምጣ። ራሷን ወይም ልጇን የሚጎዳ ሐሳብ ሽው ካለባት ደግሞ ሳታድር፣ በዚያችው ሰዓት ትምጣ። ሁለተኛው ነገር፣ አንድ ጆሮ ትምረጥ፤ “ይሄማ የሁላችንም ነው” ብሎ አፏን የማያስይዛት፣ ሰምቶም ሮጦ የማያወራ ሰው። “ዝም አይነቅዝም የሚባለውን አትመኑ” ይሉ ነበር፤ “አራስ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ዝምታ ከእህል ቀድሞ ይነቅዛል።”

ይህ ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ አልመጣም። አንድ ቀን ሲስተር ታላቋን “እናታችን እኔን የወለደች ጊዜ ምን ነበር የጠፋባት?” ብለው ጠይቀዋት፣ “ማንጎራጎሯ” ያለቻቸው እሷ ናት። የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ግን የተሰቀለው የሲስተር ፎቶ ነው።

ታላቋ በክትባት ቀን ምሳቸውን ታደርስላቸው ነበር። አንድ ቀን ሳህኑን ታቅፋ ከኋላ እንደቆመች፣ የመጀመሪያ ልጇን የታቀፈች ወጣት “ሲስተር፣ እርስዎ ላይ ደርሶ ያውቃል?” ብላ ጠየቀች። ሲስተርም ተናገሩ። ልጃቸውን ወልደው ልባቸው እንደጨለመ፣ ጆሯቸው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ እንደነበረች፣ በቁልፍ እያመካኙ እሷ ጋ ይሄዱ እንደነበር፣ ጨርቅ ልንገዛ ነው ብላ ሐኪም ጋ የወሰደቻቸው እሷ እንደሆነች ተናገሩ። “እህቴ ግን ቁልፎቼን ሁሉ በድርብ ክር ሰፍታ ጨረሰችብኝ! ምን ላድርግ? በጥርሴ በጠስኩት” ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ የሳቁ መሰለ። ታላቋ ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ያን ክረምት አልተነጋገሩም። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ሲስተር ወደ ማጠቢያው ግቢ መጡና፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የረጠበውን አንሶላ ጫፍ ያዙ። በሁለት ወገን ሆነው ይጠመዝዙ ጀመር።

“አዝዬ አሳድጌሽ ለምን ለእኔ አልነገርሽም?” አለች ታላቋ።

“እትዬ፣ ለአንቺ ብነግርሽ ወይ ታለቅሻለሽ፣ ወይ ተነስተሽ ትሠሪያለሽ። እኔ የፈለግሁት ቁጭ ብሎ የሚሰማ ነው።”

“ልብስ ሰፊዋ ከእኔ በምን ትሻላለች?”

“እሷ እየሰፋች ነው የምትሰማው። ቀና ብላ አታየኝም።”

ታላቋ አንሶላውን እንዲህ አድርጋ ስትጠመዝዘው ከመሃሉ ተተረተረ። የሆቴሉ ነበር። ሁለቱም የተቀደደውን አዩና ሳቁ። ታላቋ ሳቀች እንጂ አልተዋጠላትም። ቁልፍ አጥብቆ መስፋት ወንጀል የሆነበትን አገር እስከ ዛሬ አላየችም።

ሲስተር ባለቤታቸውን በሞት ካጡ በኋላ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ልጃቸው ነፍሰ ጡር በነበረችበት ወራት ሆስፒታል ገብተው፣ በመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ አልተነሱም። አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት መጥታ ትይዘው ጀመር፤ ታላቋም በሩ ሳይከፈት ደርሳ ከዘበኛው ጋር መቆምን ለመደች። ወንበሩን ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ግርጌ ቆማ “ፈረቃ እናድርገው እንጂ እትዬ” ብትላት “ፈረቃሽ ድሮ አልቋል” አለቻት።

አንድ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሲስተር “እትዬ” አሉ። ከዚያም አንድ ነገር ተናገሩ። የታላቋ ምላስ “አይዞሽ” ልትል ተነስታ ነበር፤ ነከሰቻት። እጇም የሚሠራ ፈልጎ ነበር፤ ትራስ ላስተካክል፣ ብርድ ልብስ ልሳብ አለ፤ ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት። ዓይኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲስተር ሲጨርሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ተኙ። የተባለው ነገር እዚህ አይጻፍም። ዶክተሩ አያውቀውም። ልብስ ሰፊዋ ውሃውን ይዛ ተመልሳ “ምን አለችሽ?” ስትል፣ “ምንም” ተብላለች። ታላቋ በዕድሜዋ እንዲህ የጣፈጣት ቃል የለም።

ሲስተር የልጅ ልጃቸውን አይተው፣ ስመው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ከኋላቸው አንዲት ልጅ፣ አንድ አማች፣ ገና አንገቷ ያልጸና አንዲት የልጅ ልጅና አንዲት ታላቅ እህት ትተዋል። ልብስ ሰፊዋም ትጻፍ ተብሏል፤ ትጻፍ፤ ከእህት በታች። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጭንቀት ከማይደርስበት ያኑርልን፤ እዚያም አራስ ካለች ወንበር ስበው አጠገቧ መቀመጣቸው አይቀርም።

የቀረው ለልጃቸው ነው። ዶክተር፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ።

አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት ተነገረብኝ ብለሽ አንገትሽን አትድፊ። እናትሽ ዕድሜዋን የፈጀችው ይህ ነውር አይደለም ስትል ነው፤ የራሷንም የተናገረችው በሰው ፊት ነው። ከወለድሽ ወዲህ ደረጃው ላይ ፉጨትሽ አልተሰማም። ኀዘን ነው እንዳትዪ፤ የጠፋው እናትሽ በሕይወት እያለች ነው። ስትጠየቂ “ደህና ነኝ አክስቴ” ትያለሽ፤ ያቺን “ደህና ነኝ” አክስትሽ ከአንቺ በፊት ከአንድ ሰው ሰምታታለች። ስለዚህ ጆሮ ምረጪ፤ ዛሬ፣ ይህ የለቅሶ ድንኳን ወንበር ሳይታጠፍ። ልብስ ሰፊዋን ከመረጥሽ አክስትሽ ቅናቷን ውጣ በሯ ድረስ ታደርስሻለች፤ ሕፃኗንም ይዛ ውጭ ትጠብቃለች፤ ከዚያም ሁለታችሁም ወደ ሐኪሙ ይዛችሁኝ ሂዱ ብትዪ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። ግን መጀመሪያ እሷን ጠይቂ። ወረፋው የእሷ ነው።

የለበስሽው ጥቁር ሹራብ ቁልፍ አለው። በጥርስሽም ቢሆን በጥሰሽው ነይ። አክስትሽ መርፌዋን ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰፋዋለች፤ ቀና ብላ አታይሽም። በነጠላ ክር፣ አላልታ ነው የምትሰፋው፤ ነገም ተበጥሶ እንዲያመጣሽ።