ለቆላ ሙቀት ያልተመቸው አውቶቡስና የአባቴ ዓይን

ለክቡር የትራንስፖርት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የሮቢት ሰዎች፣ ሙቀቱና መንገዱ እስከፈቀዱልን ድረስ፣ ደህና ነን።

በነዳጅም በባትሪም የሚሄደው ሃይብሪድ አውቶቡስ ከሮቢት ቆቦ እንዲመላለስልን ስላደረጉ እጅግ እናመሰግናለን። ጭስ የለውም፤ ድምፁም አይሰማም። በተለይ ሲቆም።

አንደኛ፣ አውቶቡሱ ተሳፋሪ እንዳያጣ በማሰብ ሚኒባሶቹን ከመስመሩ ስላስነሱልን ምስጋናችን ይድረስዎ። አባቴ አቶ ወልደ ሚካኤል ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። የዓይን ሐኪሞች ለሕክምና ዘመቻ ቆቦ ሆስፒታል መጥተው ስለነበር፣ ተራቸው በደረሰበት በመጨረሻው ቀን ይዣቸው ተሳፈርኩ። መንገዱን ስናጋምስ አውቶቡሱ ቆመ። ሾፌሩ ሞላ ወርዶ ዞሮ አየውና፣ «ባትሪው ሲግል ራሱን ይዘጋል፤ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እንዳልነካው ታዝዣለሁ» አለን።

ፀሐይዋ ስትበረታ፣ ገበያ የምትሄደው ራቢዓ ጃንጥላዋን ለአባቴ ዘርግታ፣ «አብሽሩ አባባ፣ አላህ ያግራዋል» አለቻቸው።

«ለመሆኑ አውቶቡሱ ምን ይመስላል?» ሲሉ ጠየቋት።

«አረንጓዴ ነው፤ ያምራል።»

«እንግዲያውስ አታስቸግሩት፤ ይረፍ» አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ።

የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሙሉ ነበር። በስንት ልመና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አሳፈረን። ሆስፒታሉ ስንደርስ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል። ዘበኛው አዝኖ፣ «ለከርሞ ይመጣሉ ይባላል» አለን። አባቴ ግድግዳውን እየዳበሱ የሚቀመጡበት ፈለጉ።

ሁለተኛ፣ አውቶቡሱን ጠልተነው አይደለም። ግን ለቆላ ሙቀት መላ ሳይበጅለት፣ የሚጠግነውም ሰው እዚሁ ሳይሰለጥን፣ ሚኒባሶቹን ማንሳት ለምን አስቸኮለ? ይህንኑ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ተብያለሁ። የሚሄድ ነገር በመኖሩ ደስ ብሎናል፤ እኛማ ቆመናል።

ለመማረር እንኳ አቅም ካነሰው ትሕትና ጋር፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣

የትናየት ወልደ ሚካኤል
ከሮቢት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለተኛውን አውቶቡስ ሊያስመርቁልን እንደሚመጡ ሰማን። እባክዎ የቢሮዎን መኪና ትተው በእሱው ይምጡ። ቢዘገዩም አንቀየምም፤ መጠበቁን አስለምደውናል።