ያሞቅሁልህ ክፍል

ኅዳር 12 ቀን
ከአባባ ቤት

ለምወድህ ለእናቴ ልጅ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህስ፣ ትንሹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት ተነሳ ሲሉት ያንገራግራል እንጂ እጄ እንደ ድሮው ነው። ስልክ ስለማታነሳ ነው የጻፍኩልህ። ወረቀት ደግሞ አንድ መልካም ነገር አለው፤ ነገሩ መሃል ላይ ሲደርስ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» አይባልበትም።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ደውለህ ያልከኝን ታስታውሳለህ ብዬ አስባለሁ። «እታለም፣ የአባባን የጓሮ ክፍል አሙቂው፣ አደራጂው። መጥቼ አብረን እንሠራለን፤ አንቺ ቁምሳጥኑን፣ እኔ በሩን» አልከኝ። ያን ቀን የያዝኩትን መላጊያ አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። አንተ አባባ ከሞተ ወዲህ እንጨት ነክተህ አታውቅም፤ ግን ሰው ሲርቅ የተወው ነገር ይናፍቀዋል ብዬ አመንኩህ።

ያን ክፍል ታውቀዋለህ። ቆርቆሮ ለብሶ የቆመ ብርድ ነበር። ኮላው በብርዱ አልይዝ እያለኝ፣ ማታ ያጣበቅሁት የወንበር እግር ጠዋት እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል። መሮው በእርጥበት ይዝጋል፤ ደርቆ የገባ ጣውላ አብጦ ይወጣል። ጎረቤታችን ነርሷ ደግሞ የሌሊት ተረኛ ሆና ቀን ቀን ስለምትተኛ፣ ማሽኑን ባስነሳሁ ቁጥር አጥሩን ትደበድባለች። መጋዙ በዚህ፣ አጥሩ በዚያ፤ እንደ ሙዚቃ ባንድ ሆነን ነበር የምንሠራው።

እንዳልከኝ ጀመርኩ። ግድግዳውን ዙሪያውን በቀጫጭን የሞራሌ እንጨት ከፋፈልኩት፤ በየመሃሉ ነጭ የፎም ሰሌዳ ልክክ አድርጌ አስገባሁ። እርጥበት እንዳያልፍ ላስቲክ ወጠርኩበትና በላዩ ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ መታሁበት። ጣሪያውን ስሠራ አንገቴ ተጣሞ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሁሉ «ምን ታያለሽ ሰማይ ላይ?» ይለኝ ነበር። ሲያልቅ አንድ ረፋድ ላይ ስጋዝ፣ ስልግ ቆይቼ ብወጣ ነርሷን በሯ ላይ አገኘኋት። ዓይኗን እያሻሸች «ዛሬ ደግሞ ሥራ የለሽም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና ከማንም አልጠብቅም።

ከዚያ ወደ ማደራጀቱ ገባሁ። ምስማሩን በምስማር፣ ብሎኑን በብሎን ለይቼ በጠርሙስ ሞላሁ፤ ክዳኖቻቸውን መደርደሪያው ሥር መታኋቸውና ጠርሙሶቹ እንደ ፍሬ ተንጠለጠሉ። ጣውላውን በቁመቱ አቆምኩ። ሰጋቱራው የሚጠረግበት ጥግ አበጀሁ። በግራ በኩል የእኔን መሮ፣ መዶሻ፣ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ ሰቀልኩ። በቀኝ በኩል ያለውን ግድግዳ ለአንተ አደረግሁት። ረጅም ስለሆንክ ዕቃህን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ የአባባን መጋዞች በሞረድ ሳልኩልህ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከየት ተነስቶ የት እንደሚመለስ እንዳይጠፋህ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፍኩልህ።

ፎቶ ላኪልኝ ትለኝ ነበር። ናፍቆት መስሎኝ እልክልህ ነበር። «መስኮቱን ሰፋ አድርጊው» አልክ፤ ሰፋ አደረግሁ። «በመንገዱ በኩል የራሱ በር ይኑረው» አልክ። የእንጨት ሥራ ክፍል የመንገድ በር ምን ያደርግለታል ብልህ፣ ደንበኛ በሳሎን አቋርጦ አይግባብሽ አልከኝ፤ አሳቢነትህ ደስ አለኝ። «ውሃ አስገቢበት» አልክ፤ የኮላ እጅ መታጠቢያ ይሆናል ብዬ አስገባሁ። በመጨረሻ «ዕቃዎቹ ክፍሉን ጠባብ አስመሰሉት፤ አንስተሽ ባዶውን አንሺልኝ» አልከኝ። ያንን ሁሉ መጋዝና መሮ አወረድኩ፣ ፎቶውን አነሳሁ፣ መልሼ ሰቀልኩ። አንዴ እንኳ ለምን አላልኩም። ሰው ወንድሙን ለምን ይላል?

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ደላላ ባልና ሚስት ይዞ የመጣው። አልጋ ሊያሠሩ የመጡ ደንበኞች መሰሉኝ። በአዲሱ በር አስገባኋቸው። ሴትየዋ ዙሪያውን አይታ «ፎቶው አልዋሸም» አለች። የምን ፎቶ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ሥራዬን የሚያወራልኝ ሰው ተገኘ ብዬ ኮራሁ እንጂ። ባልየው ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ብርድም ድምፅም አያሳልፍም አልኩት፤ እንዴት እንደሠራሁት አስረዳሁት። መሳቢያዎቹን እየከፈትኩ አሳየኋቸው። ሴትየዋ አንዱን መሳቢያ ገፋ መለስ እያደረገች በትሕትና ጠየቀችኝ።

«አንቺ መቼ ነው የምትለቂው? ባለቤቱ፣ ተከራይዋ በወሩ መጨረሻ ትወጣለች ብሎን ነበር።»

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ።

«የትኛዋ ተከራይ?» አልኳት።

ደላላው ስልኩን ከሚነካካበት ቀና ብሎ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆማት። ሴትየዋ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን የአባባን ፎቶ አየች። የእኔና የአባባ አፍንጫ አንድ መሆኑን አንተም ስትስቅበት ኖረሃል። ገባት። መሳቢያውን እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርጋ ዘጋችውና «ይቅርታ እህቴ፣ እንዲህ ብለው አልነገሩንም» ብላ ባሏን ይዛው ወጣች። እሷ እንኳ ቤቱን አልገዛችም። እኔን ያላየ ሌላ ሰው ግን ተገኝቷል ይሉኛል።

የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም፣ አላለቀስኩምም። የጀመርኩትን የሕፃን አልጋ ጨረስኩ። እጄ ያውቀዋል፤ እኔ አልነበርኩበትም።

ለአክስታችን ብነግራት «ተስማምታችሁ የለ እንዴ?» አለችኝ። ከዝናቡ በፊት ነግረሃት ኖሯል። ለእኔ ብላ የጓዳ ክፍሏን አስለቅቃ፣ መጋረጃ ሰቅላ ትጠብቀኛለች። የአጎታችን ልጆችም ያውቃሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት እንዲህ ነው። ፎሙን ስቆርጥ ዘመዱ ሁሉ እያወቀ «በርቺ» ይለኝ ነበር ማለት ነው።

ቤቱ በስምህ መሆኑን አልረሳሁም። ለውጭ ጉዞህ ቪዛ ስትጠይቅ ንብረት ያለው ሰው እንዲባልልህ ብዬ በስምህ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን አልጸጸትበትም። አንገቴን አቅፈህ «ወረቀቱ የእኔ፣ ቤቱ የአንቺ» ብለኸኝ ነበር። ወንድሜ፣ የተቃጠልኩት በመሸጡ አይደለም። «እታለም፣ ቸገረኝ» ብትለኝ ኖሮ ደላላውን የምፈልግልህ እኔ ነበርኩ። ገዢ ሳይመጣ በሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ እጠብቅልህ ነበር። አንተ ግን ደስ እያለኝ አስለፋኸኝ። ጣሪያው ላይ ተንጠልጥዬ ስዘፍን በስልክ ሰምተኸኛል፤ ሰምተህም ዝም አልክ። ይኸ ነው ሆዴን የፈጀው። ተከራይ ማለትህ ደግሞ አለ። ሌላ ስም አጣህልኝ? ዘመድ ብትለኝ ምን ነበረበት?

ያ የሰፈራችን ሶፋ ሠሪ «ጋሼ ኮላ»፣ ከተቀመጠበት የማይነሳው፣ ወሬውን ሰምቶ የምስማር መንቀያ ይዞ መጣ። «ንቀይው! ኮምፔንሳቶውንም ፎሙንም ውሰጂ፤ ቆርቆሮውን ተዪለት፤ ቆርቆሮ ነው የሰጠሽ» አለኝ። ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር፤ ለእኔ ሰው ሲቆጣልኝ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። መንቀያውን ተቀብዬ አንዱን ጠርዝ ፈለቀቅሁ። ከዚያ ነርሷ ትዝ አለችኝ። ክፍሉን ማንም ይያዘው ማን፣ እሷ ቀን መተኛቷ አይቀርም። መልሼ መታሁት። ጋሼ ኮላ «አንቺስ አትረቢም» ብሎ ተቀምጦ እስኪመሽ አልተነሳም።

የአንተን ግድግዳ ብቻ እንደነበረ አልተውኩትም። መጋዞቹን አወረድኩ፤ የእርሳሱን ንድፍ ምልክቱ እስኪጠፋ ፈተግሁት። የሚመጣው ሰው የማን ቦታ ነበር ብሎ እንዳይጠይቅ።

ወደ አክስታችን አልሄድም። መጋረጃዋን ታውርደው። ጋሼ ኮላ የሱቁን ግማሽ ሰጥቶኛል፤ ከጀርባው ያለችውን ክፍል ደግሞ ከቤቱ ባለቤት ተከራይቻለሁ። ይኸው ቃልህ እውነት ሆነልህ፤ ተከራይ ሆኛለሁ። ዕቃዬ ትናንት ሄዷል። ይህን የምጽፍልህ ቆሜ፣ የሰፋው መስኮት ደፍ ላይ ነው፤ ወንበር አልቀረም። ስጨርስ ቁልፉን ለደላላው እሰጠዋለሁ።

ከትናንት በስቲያ ስደውል ባለቤትህ ሳታስበው አነሳችው። አልተቆጣኋትም፤ ምን አጠፋች? ትንሹን ሳሉ እንዳልለቀቀው፣ በክፍሉ መስኮትና በበሩ ሥር ብርድ እንደሚገባ ነገረችኝ። ከኋላዋ «የለም በያት» ስትል ድምፅህን ሰማሁ። ደህና ሁኚ ብያት ዘጋሁት።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጨርቅ አትጠቅጥቅበት፤ ጨርቅ እርጥበት ጠጥቶ ግድግዳውን ያሻግተዋል፣ ለሳሉም አይሆንም። ነፋስ ባለበት ቀን እጅህን አርጥበህ በመስኮቱ ዙሪያ አዙር፤ የሚበርድህ ቦታ ላይ ነው ቀዳዳው። መስኮቱን ዘግተህ ለካ፤ ተከፍቶ የተለካ ይሳሳታል። ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ስስ ጎማ ለጥፍበት፤ ወፍራሙን አትግዛ፣ አያዘጋም። ለበሩ ሥር ከውስጥ በኩል ቀጭን ጣውላ ምታና ወለሉን ትንሽ የሚነካ ጎማ አንጠልጥልበት። አልጋውን ከውጭው ግድግዳ አንድ ክንድ አርቀው። ይህን ሁሉ ለልጁ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ፈጣሪ ልጅህን ይማርልህ። እንጀራህን ያብዛልህ፣ ቤትህን ያቁምልህ። ያመንከው ሰው አይክዳህ።

እህትህ